ዘመድ የሌለው ኮምፒውተር

«የእሷ ላፕቶፕ ሊመሰክርላት አይችልም፤ ዘመዷ ነው።»

ምሥራቅ ይህን የሰማችው የውሃ ጽሕፈት ቤቱን ኮሪደር ከስብሰባ ክፍሉ በሚለየው የቺፑድ ግድግዳ በኩል ነው። ቺፑዱ ለይስሙላ የቆመ ስለሆነ ውስጥ ያለ ሰው ስኳር ሲያማስል እንኳ ውጭ ይሰማል። ተናጋሪው የጉድጓድ ቦታ መራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አድማሴ ነበሩ። ምሥራቅ ቀልድ መስሏት ሳቁ እስኪከተል ጠበቀች፤ ሳቅ የለም። ይልቁንም አንድ ወፍራም ድምፅ «ልክ ነው፤ ልጅቱ የዚያው የምንጩ አገር ልጅ ናት፣ ላፕቶፑ ደግሞ የልጅቱ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ሥጋ ነው» ሲል ሰማች። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ ነገሩም በዚሁ አለቀ። ምሥራቅ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆመች። ዕቃ በሥጋ ዝምድና ሲከሰስ ሰምታ ስለማታውቅ መቆጣት ይሁን መሳቅ የሚገባት ለጊዜው ጠፋት።

ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። የእንጅባራ ከተማ ውሃ አጥሮታልና ጉድጓድ ይቆፈራል። የመቆፈሪያው መኪና ከባሕር ዳር መጥቶ ከጥርባ ወዲህ፣ ከደጊቱ ምንጭ ራስጌ ካለው መስክ ላይ ቆሟል፤ ነገ ሲነጋ ሥራ ይጀምራል። መስኩ የተመረጠው ለመኪናው መዞሪያ ስለሚመች ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። የደጊቱ ምንጭ ማለት የምሥራቅ እናት ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ መንደሩና የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚጠጣው ውሃ ነው። ምሥራቅ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ናት፤ መሬት ውስጥ ያለው ውሃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ እዚህ ቢቀዳ እዚያ ምን እንደሚሆን በስሌት የሚያሳይ ፕሮግራም አላት። ፕሮግራሙ የሚለው አጭር ነው። መስኩ ላይ ከተቆፈረ የደጊቱ ምንጭ ይደርቃል፤ ጉድጓዱ ወደ ታች፣ ለከሰል ወደሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ሥር ቢወርድ ግን ከተማውም መንደሩም ይጠጣል። ይህንኑ ለማስረዳት ነበር ዛሬ በጠዋቱ የመጣችው።

አንኳኩታ ገባች። ክፍሉ ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ ማንም የማይጠጣው የታሸገ ውሃና አቧራ የያዘ የፕላስቲክ አበባ አለ። ጠረጴዛውን ሦስት ሰዎች ከበውታል። አቶ አድማሴ ከነከረባታቸው ራስጌ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ባለ ወፍራም ድምፁ ጋሽ ምህረቴ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለሰው አቤቱታ ሲጽፉ አርጅተው አሁን የአገር ሽማግሌዎች ተወካይ ሆነዋል፤ የሕግ ነገር ሲነሣ ዓይናቸው ያበራል። ሦስተኛው ጉሮሮ ጠራጊው የፋይናንስ ሰው ነው፤ እሱ ከመጥረግ ያለፈ ሐሳብ ሰጥቶ አያውቅም።

«አቶ አድማሴ፣ ኮምፒውተር እኮ ዘመድ የለውም» አለች ምሥራቅ።

«ባለቤት ካለው ዘመድ አለው» አሉ ጋሽ ምህረቴ በሰብሳቢው ፈንታ። «ደግሞስ በአንድ ምስክር ብቻ ተፈርዶ ያውቃል? ሁለት ኮምፒውተር አምጪ። አንቺን የማይዛመዱ፣ እርስ በርሳቸውም የማይዛመዱ ይሁኑ። እኛ ፊት በአካል ይቅረቡና እያንዳንዳቸው የሚሉትን ይበሉ። ያኔ መኪናው ይነሣል።»

አቶ አድማሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ይቀመጣል፤ ያኔ ምስክር ካልቀረበ መስኩ ጸደቀ ማለት ነው። ምሥራቅ ረጋ ብላ ስታስበው ነገሩ የእብድ ወሬ ብቻም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ እያለች መምህሮቿም ቢሆኑ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ የሠራ ስሌት አይታመንም ይሏት ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ የሥጋ ዝምድና አላነሡም።

የመጀመሪያው ምስክር ቅርብ ነበር፤ የጸሐፊዋ የናርዶስ ኮምፒውተር። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ተዘጋ። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ ጨረታ ከአንድ ነጋዴ የተገዙ፣ ስማቸውም መልካቸውም አንድ ዓይነት ናቸውና ጋሽ ምህረቴ አንዱን ተቀብለው ሌሎቹን «ወንድማማች ናቸው» ብለው ጣሏቸው። ምሥራቅ የጎረቤት መሥሪያ ቤቶችን ስም ጠራች። የፋይናንሱ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ እነዚያም በዚያው ነጋዴ በኩል የገቡ መሆናቸውን መሰከረ። ነጋዴው ከተማውን በሙሉ አዛምዶት ኖሯል።

«ዳንግላ ያለው ወንድምሽ ይኸነውስ?» አሉ ጋሽ ምህረቴ ድንገት። «ኮምፒውተሩን ከየቦታው ለቃቅሞ በእጁ ነው የሠራው ሲባል ሰምቻለሁ። የኮምፒውተሩ አባትም እናትም አይታወቁም።»

«ወንድሜ ነው እኮ!»

«አትነጋገሩ የለ?»

ምሥራቅ ፊቷ ጋለ። አለመነጋገራቸው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ብላ አላሰበችም።

«የተጣላ ዘመድ በሕግ ዓይን ባዕድ ነው» አሉ ጋሽ ምህረቴ እየተመቻቹ። «ባዕድ ብቻም አይደለም፤ የተጣላሽ ሰው ተነሥቶ ለአንቺ ከመሰከረ ከዚያ የበለጠ እውነት የለም። ብቻ አደራ፣ እንዳትታረቁ። ታረቁ የተባለ ዕለት ምስክርነቱ ፈረሰ፤ መኪናውም ተመልሶ መስኩ ላይ ይቆማል።»

ፕሮግራሙ እንደ ዘፈን ፍላሽ ላይ ተገልብጦ የሚሄድ ዓይነት አይደለም። ሰው የጻፈው ምንጭ ጽሑፉ ይወሰድና በእያንዳንዱ ማሽን ላይ እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋል፤ ማለትም ያ ማሽን በሚገባው ቋንቋ ይፈታለታል። አንዱ ላይ የተፈታው ሌላው ላይ አይነሣም። አንዱ ዝም ብሎ ያሳለፈውን መስመር ሌላው ደም በመሰለ ጽሑፍ ይመልሰዋል። የናርዶስ ማሽን ግን የዋህ ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረምርሞ ተቀበለ። ምሥራቅ ስሌቱን አስጀምራ ናርዶስን ማንም እንዳይነካው አደራ አለቻት። ናርዶስም ከእጅ ቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ኪቦርዱን ሸፈነችውና የዕለቱን ደብዳቤዎች በእጅ ጽሑፍ መጻፍ ጀመረች።

ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ምሥራቅ ከመስኮቱ ዳር ተቀምጣ ነገሩን ታብሰለስላለች። መንገድ ዳር ለሽያጭ የተደረደሩት የቀርከሃ ወንበሮች ጉም ውስጥ ገብተው እግራቸው ብቻ ይታያል፤ ከነሱ ቀጥሎ የከሰል ማዳበሪያዎች፣ ከዚያ ዲከረንስ፣ ከዚያም ዲከረንስ። የተጣላ ወንድምን ውለታ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ሳይታረቁ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ሰው ውለታ ሲፈልግ አስቀድሞ ይታረቃል፤ እሷ ጠቡን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ይዛ ሄዳ፣ ሳይሰበር ይዛው መመለስ አለባት። የተጣሉት በሠርጉ ነው። የሠርጉ ቀን ከመመረቂያ ፈተናዋ ቀን ጋር ገጠመ፤ እሱ ሠርጉን አላዞረም፣ እሷም ፈተናውን አላዞረችም። ሁለቱም ልክ ስለነበሩ ይቅርታ የሚጠይቅ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል እናታቸው ዘንድ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ እናትየዋም አንዱን ስትሸኝ የሌላውን ሳህን ታጥባለች።

የይኸነው ሱቅ ከመናኸሪያው ማዶ ናት። በሯ ላይ ፎቶ ኮፒ በገጽ አምስት ብር፣ ጉርድ ፎቶ ወዲያው፣ የሠርግ ቪዲዮ በስምምነት የሚል ተለጥፏል። ውስጧ ከሰማያዊ መጋረጃ፣ ከአንድ ቁመተ ረጅም በርጩማና ከኮፒ ማሽኑ ተርፎ ሦስት ሰው በጎን በጎኑ ብቻ ያስቆማል። የይኸነው ሚስት ሸጋ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ይኸነው ከጥግ፣ ጋሽ ምህረቴ ያወሩለት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ በእርግጥም ዘመድ አይታይበትም። የጎን ሽፋን የለውም፤ ሆድ ዕቃው ሜዳ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው ከሌላ ማሽን ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል፤ ዲስኩ በላስቲክ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ያለው ሥርዓት ደግሞ ይኸነው ራሱ ከኢንተርኔት አውርዶ የጫነው ሊኑክስ ነው፤ ዳንግላ ውስጥ ሌላ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ማሽኑ ሲታመም የሚጠይቀው የለም።

ይኸነው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

«ሸጋ» አለች ምሥራቅ፣ ድምፅዋን ለማስተካከል እየታገለች፣ «ለባልሽ ንገሪልኝ፤ ለእማ ውሃ ስል ነው የመጣሁት። እንድንታረቅ አይደለም። እንዲያውም መታረቅ የለብንም።» ከዚያ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ መኪናው አንድ በአንድ ተናገረች። ሸጋ ጆሮዋን ማመን አቃታት፤ ባሏ ክንዷ እስከሚደርስበት ድረስ ቅርብ ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነውና ዞር ብላ የሰማችውን እንደገና ነገረችው።

ይኸነው ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። «በያት» አለ፣ «ፍላሹን ትስጥሽ።»

ምሥራቅ ፍላሹን ለሸጋ ሰጠቻት፤ ሸጋ ለባሏ አቀበለችው። እስከዚህ ድረስ ጠቡ በደህና ይዞ ነበር። ኮምፓይሉ ሲጀምር ግን ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ወረደ።

«ማትሪክስ የሚያሰላበት ላይብረሪ የለም ይላል በያት» አለ ይኸነው።

«ማትራስ የለም ይላል» አለች ሸጋ፤ ለራሷም ግራ ገብቷት ሳቀች።

ምሥራቅ ላይብረሪውን፣ ማለትም የጎደለውን አጋዥ ፕሮግራም፣ ከየት እንደሚያወርደው በሸጋ በኩል ልትነግረው ሞከረች። ሸጋ ብልህ ሴት ናት፤ ነጋዴ ስትከራከር ማንም አይረታትም፤ ነገር ግን ከነጥብ በኋላ ምን እንደሚመጣ፣ ሰረዙ ተኝቶ ነው ቆሞ የሚለውን ተሸክማ ማድረስ አልቻለችም። አንድ ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ተልኮ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ተጻፈ። በዚህ መሐል ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው መጋረጃው ፊት ተቀምጦ ይጠብቃል። በስልክ ዳታ ላይብረሪው ወረደ፤ ቀዩ መስመር ግን በሌላ ቀይ መስመር ተተካ። የይኸነው ኮምፓይለር አሮጌ ነው፤ ምሥራቅ ከጻፈችው ውስጥ አንዱን አጻጻፍ አላውቅም ብሎ ደረቀ።

«ባለ ሁለት ቅንፉን መስመር ወደ ድሮው አጻጻፍ ይመልሰው በይው...» ብላ ጀመረች ምሥራቅ፤ ሸጋ እጇን አነሣች።

«እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው» አለች። «ሰውየውን ፎቶ ላንሣው። እናንተ እንደምታደርጉ አድርጉ።»

ማሽኑ ብቻ ያፏጫል። ከዚያ ይኸነው፣ ፊቱን ከስክሪኑ ሳያዞር፣ በአዊኛ «የትኛው ቅንፍ?» አለ።

ምሥራቅም በአዊኛ መለሰችለት። ልጅ ሳሉ ቤት ውስጥ የሚያወሩት በአዊኛ ነበር፤ አማርኛው የትምህርት ቤትና የገበያ ነው። አሁን ቅንፍና ሰረዝ፣ ኮምፓይለርና ሜሞሪ ሁሉ በእናታቸው ቋንቋ መካከል እየገባ ይወጣል። ይኸነው አንዱን መስመር ሲያስተካክል ሌላው ቀይ ይሆናል፤ ምሥራቅ ጎንበስ ብላ በጣቷ ስታሳየው ትከሻዋ ትከሻውን ነካ፤ ሁለቱም እንዳልተነካ ሰው ሆኑ። ከጎጃም ሜዳ የመጣችው፣ አዊኛ የማትሰማው ሸጋ ደንበኛዋን ፎቶ እያነሣች «ምን ተባባላችሁ? ተሰዳደባችሁ ወይስ ምን?» እያለች ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት የለም። የሚገርመው መብራት አልጠፋም። ዳንግላ ላይ በዚያ ሰዓት መብራት አለመጥፋቱ ራሱ ምሥራቅን ያስፈራት ጀመር።

ሁሉም ተስተካክሎ አለቀ ሲባል ማሽኑ ዲስክ ሞላ አለ። ይኸነው ፎልደሮቹን ዘረጋ፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ክርስትና፣ የሰው ምርቃት፤ ሁሉም ገና ያልተረከቡት ሥራ ነው፤ አይነካም። ከሁሉ የከበደው አንድ ፎልደር ነበር። ይኸነው እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«የእኔ ሠርግ ነው» አለ። «ይጥፋ። ሌላ ምን ቦታ አለ?»

«አይጠፋም!» አለች ምሥራቅ፤ ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ወጣ። ላፕቶፗን ከፍታ ገመዱን አገናኘች። «ወደ እኔ ገልብጠው።»

ግልበጣው ቀስ እያለ ሄደ። ይኸነው ፋይሉ ደህና መድረሱን ለማየት አንዱን በላፕቶፗ ላይ ከፈተው፤ ድንኳን ታየ፣ ጭቃ ታየ፣ ከሰዎቹ መሐል እናታቸው እስክስታ ስትመታ ታየች። ክንዷን ዘርግታ ዙሪያዋን ታያለች፤ የሆነ ሰው እስኪመጣ የምትጠብቅ ይመስላል። ምሥራቅ ማን እንደምትጠብቅ አወቀች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ይኸነውም ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ለደንበኞች ከተቀመጠው ሶፍት አንዱን መዝዞ ሰጣት።

«ፈተናሽን አለፍሽ?» ሲል ጠየቃት። ከሁለት ክረምት በላይ ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ነበር።

«አለፍኩ» አለች።

ኮምፓይሉ ያለ አንዳች ቀይ መስመር ተጠናቀቀ። ማሽኑ ማፏጨቱን ትቶ ያጓራ ጀመር፤ ስሌቱ ተነሥቷል። ሸጋ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና እጆቿን አጨብጭባ «እሰይ! ታረቃችሁ ማለት ነው!» አለች።

«የለም!» አሉ ወንድምና እህት በአንድ ድምፅ። መጋረጃው ፊት ያለው ሰውዬ ከበርጩማው ሊወድቅ ነበር።

ስሌቱ አልቆ ውጤቱ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ኮምፒውተሩን በሸጋ ጋቢ ጠቀለሉት። ምስክር በአካል ይቀርባልና ይኸነው ራሱ ይዞት መሄድ ነበረበት። የሚኒባሱ ረዳት ገና ሲያየው «ይሄ የሰው ቦታ ነው የያዘው፤ እንደ ሰው ይከፈልለታል» አለ፤ ተከፈለለት። ኮምፒውተሩ መሐል ወንበር ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀመጠ። ወንድምና እህት ግን አብረው መቀመጥ አልቻሉም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ከእንጅባራ የመጡ፣ አቶ አድማሴን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ። ስለዚህ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆኑ። ግማሽ መንገድ ላይ ይኸነው ኪሱ ውስጥ የያዘውን ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ ከፊቱ ላለችው ሴትዮ ሰጠና «ለዚያች ልጅ አቀብሉልኝ» አለ፤ ስም አልጠራም። ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ፣ በኮምፒውተሩ ትከሻ ላይ አልፎ ምሥራቅ ዘንድ ደረሰ። ዘወር ሳትል በላችው።

ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ምስክሮች አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። ጋሽ ምህረቴ ፊታቸው እንዳይገናኝ በመሐላቸው የፕላስቲኩን አበባ አኖሩበት። የናርዶስ ኮምፒውተር ውጤቱን ከፍቶ አሳየ፤ ሰማያዊው ቀለም ከደጊቱ ምንጭ ላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ነጣ። የይኸነው ኮምፒውተር እያጓራ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ያንኑ አሳየ። ሁለቱም በዚያው ዓመት፣ በዚያው በጋ ምንጩ ይደርቃል አሉ። ምሥራቅ እፎይ ልትል ስትል የፋይናንሱ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ በጣቱ አመለከተ። ከቁጥሩ ነጥብ ወዲያ፣ ከረጅሙ ጅራት መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት አሃዞች አይገጥሙም።

«ቃላቸው ተለያየ!» አሉ አቶ አድማሴ፤ ቀድመው ብዕራቸውን መክደን ጀመሩ።

ማሽን ሁሉ ረጅም ቁጥር ሲያሳጥር የሚቆርጥበት ቦታ እንደሚለያይ፣ ልዩነቱም የአንዲት ጠብታ ሽራፊ እንደማይሞላ ምሥራቅ ልታስረዳ ቸኩላ ተነሣች። ጋሽ ምህረቴ ግን በእጃቸው አስቀመጧት።

«አንቺ ተይ፤ ይሄ የአንቺ ሙያ አይደለም» አሏት። «አቶ አድማሴ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምስክር ቃል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ምስክር ቃል በቃል አንድ ነገር ካወራ አጥንተው መጥተዋል ማለት ነው። በዋናው ነገር ገጥመው በጥቃቅኑ ሲለያዩ ነው እውነት የሚባለው። እነዚህ አልተማከሩም።»

አቶ አድማሴ ብዕራቸውን መልሰው ከፈቱ። የፋይናንሱ ሰው በዚህ በጣም ረክቶ ውሃውን ከፍቶ ጠጣ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጋሽ ምህረቴ ወደ ይኸነው ዞሩ።

«ተነሥና ቀኝ እጅህን አንሣ። ከዚህች ከምሥራቅ ጋር ታርቀሃል?»

ይኸነው እጁን አነሣ። «አልታረቅኩም።»

«ትነጋገራላችሁ?»

«አንነጋገርም።»

«እና ምን አመጣህ?»

ይኸነው ጠረጴዛውን አየ። ለዚህ ጥያቄ አስቀድመው አልተዘጋጁም ነበር። «የመጣሁት ለውሃው ነው» አለ። «እሷ ሠርጌ ላይ አልመጣችም። እናቴ ድንኳን በር ላይ እያየች ዋለች። እኔ ይህን አልረሳም።»

ምሥራቅ ለምን እንደተናገረው ታውቃለች። ሆኖም ከሁለቱ አሃዞች በላይ ይህ ወጋት፤ ምክንያቱም ስለ ሠርጉ የተናገረው ውሸት አልነበረም። ራሷን ደፋች። ጋሽ ምህረቴ ፊቷን አይተው «አያችሁ?» አሉ ለጓደኞቻቸው፤ ረክተው። የመቆፈሪያው መኪና ወደ ዲከረንሱ እንዲወርድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ውሃ እስኪወጣ ግን ወንድምና እህት ታረቁ የሚል ወሬ ከተሰማ ውሳኔው እንደሚሻር ሰብሳቢው አስጠነቀቁ።

ይኸነው ኮምፒውተሩን ጋቢ አልብሶ ግቢው ውስጥ ወደቆመው ባጃጅ ብቻውን ተሸከመው። ከብዶት አንድ ጊዜ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ምሥራቅ በረንዳው ላይ ቆማ አየችው፤ እጇ ለማገዝ እየተነሣ ይወርዳል። አቶ አድማሴ በመስኮት ያያሉ። ባጃጁ ሳይሰናበታት ወጣ። ደርሰው አጠገቧ የቆሙት ጋሽ ምህረቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው የጉሙን መነሣት ያደንቃሉ፤ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበረች።

«መኪናው ተነሣ እኮ ልጄ!» አለች በአዊኛ። «በዓይኔ እያየሁት ነው፤ ቁልቁል ሲሄድ። ይኸነው መጥቶ መሰከረ አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማ።»

«እንግዲያ ታረቃችሁ!» ድምፅዋ ወደ እልልታ ሊሻገር አንድ ትንፋሽ ቀርቶታል።

ምሥራቅ እናቷን ታውቃታለች። ወርቅአየሁ ኀዘን ትደብቃለች፤ ደስታ ግን መደበቅ አትችልም። መታረቃቸውን ብትሰማ እንስራዋን ሳትሞላ ምንጩ ላይ ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች፤ ሳይመሽ የመቆፈሪያው መኪና ሾፌርም ይሰማል። ጋሽ ምህረቴ ደግሞ የዘንገና ሰው ናቸው፤ አዊኛ ከእሷ ይልቅ ያውቃሉ። ጉሙን ማድነቃቸውን ትተው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለዋል።

«አልታረቅንም እማ» አለች ምሥራቅ።

ከወዲያ ማዶ የመኪናው ሞተር ቁልቁል እየራቀ ሲሄድ ይሰማል።

«እሺ» አለች እናቷ በመጨረሻ፤ ቀስ ብላ። «እሺ ልጄ። ውሃው ይበቃኛል።»